አርቆ አሳቢው ጎረቤቴ

በዚህ አገር አርቆ አሳቢ ጠፋ የሚል ሰው ካለ እኛ ሰፈር ይምጣ። ጎረቤቴን ላስተዋውቀው። ቤንዚን ጠጪ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ማለትም ከጥር 2016 በኋላ፣ እሱም እንደ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ወጣ። ስለ ፍሬኗ አልጠየቀም። ስለ መለዋወጫዋም አልጠየቀም። «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» ብቻ ነው ያለው። ደላላው 400 ኪሎ ሜትር ሲለው ፊቱን አጠቆረ። 500 ሲለው ትንሽ ፈታ አለ። 600 ሲለው ቀብድ ከፈለ።

ቤቱ አያት፣ ቢሮው ሜክሲኮ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእሱ ቢሮ ደግሞ ከጫፉ ወዲህ ነው። ደርሶ መልስ 30 ቢሞላለት ነው።

«ድንገት ሞያሌ መሄድ ቢያስፈልገኝስ?» ይላል።

ሞያሌ ዘመድ የለውም። ለቅሶም ሠርግም ጠርቶት አያውቅም። ግን አርቆ አሳቢ ማለት ይኼ አይደል? ሞያሌ ከአዲስ አበባ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ 600ው አንድም ሳይጎድል ቢሠራ ያቤሎን አለፍ እንዳለ ቀጥ ይላል። ያ 400 የገዛው ምስኪን ግን ይርጋ ጨፌ ላይ ነው የሚቆመው። (እዚያ እንኳ ቡና አለ።)

«ቢሠራ» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ መኪኖች ከቻይና ይዘውት የሚመጡት ቁጥር ሲኤልቲሲ ከሚባል ፈተና የተገኘ ነው። ፈተናው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ መኪናዋ ተሽከርካሪ ብረት ላይ ቆማ የሚደረግ ነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሸፍናል፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገት የለውም። ያው በሉት፣ ጎረቤቴ ጠዋት ቢሮ ሲሄድ የሚነዳው ነው። 600 የምትለዋ ቁጥር ሙሉ በሙሉ የምትታመነው ሞያሌ ለማይሄድ ሰው ነው ማለት ነው። ምርጫው ትክክል ነበር!

ደግሞ ጉልበቱን አድንቁለት። እንዲህ ያለ ትልቅ ባትሪ ብቻውን ግማሽ ቶን ሊመዝን ይችላል። አምስት ኩንታል ጤፍ በሉት። በየቀኑ አምስት ኩንታል ጭኖ ቢሮ ይገባል፣ አምስቱን ኩንታል ጭኖ ይመለሳል። አንድም ቀን አውርዶት አያውቅም።

ማታ 91 ከመቶ ይዞ ይገባል። ይኼኔ ነው ጭንቁ የሚጀምረው። ገመዱ በሳሎኑ መስኮት ይወጣል፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ይሻገራል፣ በእኔ አጥር ጥግ ዞሮ መኪናዋ ጋ ይደርሳል። ባለፈው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ነጠላ ጫማው ሲንኳኳ ሰምቼ ወጣሁ። ካፖርቱን ደርቦ፣ በስልኩ መብራት ዳሽቦርዱን እያየ ቆሟል።

«94 ላይ ቀረች» አለኝ። ድምፁ የአስታማሚ ነበር።

ከተራ የግድግዳ ሶኬት ስምንት ሰዓት ብትሰካት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ትጠጣለች፤ ላንተ የሦስት ቀን መንገድ ነው ልለው ነበር። ተውኩት። በሌሊት ሰው በሒሳብ አይሰደብም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልሱ የሚውሉትን ባለታክሲዎች በዚህ ውዳሴ ውስጥ አላስገባም። እነሱ ኪሎ ሜትሩ እንጀራቸው ነው። ክፍለ አገር ለሥራ የሚመላለስም መንገድ ላይ ቻርጀር እንደልብ ስለሌለ ቢሰጋ እውነቱን ነው። እኔ የማወድሰው ከአያት ሜክሲኮ በስጋት የሚጓዘውን ነው።

ይኼው ሰው በቤንዚኑ ዘመን ምን እንደነበር የማውቅ እኔ ነኝ። ሙሉ ታንክ ሞልቶ አያውቅም። «የሁለት መቶ ብር» ነበር የሚለው። የነዳጁ ቀይ መብራት ሳምንቱን ሙሉ በርቶ ይውል ነበር፤ ጌጥ ነበር የሚመስለው። ቁልቁለት ሲያገኝ ፎሌ አድርጎ ይለቃታል። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ደግሞ በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን አይጠፋም። ያኔ ስለ ሞያሌ አንስቶ አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሠርግ ተጠራን። አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። የሱ መኪና 97 ላይ ነበረች።

«ባትሪውን አጉል ከምጨርሰው ባንተ እንሂድ» አለኝ።

በእኔ አሮጌ ዲኤክስ ሄድን። ቃሊቲን እንዳለፍን የነዳጁ ቀይ መብራት ቦግ አለ። ማደያ ፍለጋ ዙሪያዬን ሳይ ጎረቤቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቀ፣ እግሩን ዘረጋና ሳቀብኝ።

«አይዞህ ባክህ፣ ከበራች በኋላ እኮ ብዙ ትሄዳለች።»