ማስተካከያ፦ የጌዴኦ መልክዓ ምድር የተመዘገበው በባህላዊ ቅርስነት ነው
ቀደም ብሎ በተሰራጨ ጽሑፍ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር «የተፈጥሮ ቅርስ» ተብሎ ቀርቧል። ሁለቱም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በተፈጥሮ ዘርፍ የተመዘገበው ግን ባሌ ብቻ ነው። ጌዴኦ ባህላዊ ቅርስ ነው።

ከሩቅ ያየው ሰው ደን ነው ቢል አይፈረድበትም። ያ ሁሉ አረንጓዴ ግን የገበሬ ማሳ ነው፦ ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና። ጥላው ቡናውን ይጠብቃል፣ የሚረግፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፣ ሥሩ የተዳፋቱን አፈር ይይዛል። በማሳዎቹ መካከልም ማኅበረሰቡ በባህላዊ ሥርዓቱ የሚያስከብራቸው ቅዱስ ደኖች አሉ። ይህን «ተፈጥሮ» ብሎ ማለፍ ለትውልዶች የደከመውን ገበሬ ከታሪኩ መሰረዝ ስለሆነ፣ እርማቱ ጎላ ብሎ መነገር አለበት።

በጽሑፉ ከጌዴኦ ጋር የተጠቀሰው የጥያ ትክል ድንጋይ የሚገኘው በሶዶ ነው፤ የተመዘገበውም ለብቻው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በጌዴኦ የሚገኙት የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች ናቸው።