ስጦታው ደጄ ደርሷል፣ ቁልፉን ማን ይስጠኝ?

ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር ስላለ ዛሬ ልተንፍሰው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ያደግኩበት ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ መጻሕፍት አሉ፤ ሁሉም የተመዘገቡት በእጅ ጽሑፍ፣ ጠርዙ ባለቀ ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ከወጣሁ ይሄን ጽሑፍ የሚያነበው የለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባልኝ» አሉኝ። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ኮሃ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር እንዳለ ሰምቼ ስለነበር በደስታ እሺ አልኩ።

ኮሃ የተወለደው ኒውዚላንድ ውስጥ ነው። ሆሮፌኑዋ የሚባል አካባቢ ያሉ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ሲስተማቸው እንደ ፈረንጆቹ 2000ን መሻገር እንደማይችል ሲያውቁ አዲስ አሠሩ፤ በጃንዋሪ 2000 ሥራ አስጀመሩትና ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቁት። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩበታል። እግዜር ይስጣቸው፣ ከልቤ ነው።

ግን ስጦታውን ከፍቼ እስክጠቀምበት ድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኮምፒውተር እንግዳዬ አይደለም፤ ቢሮ ስውል ኤክሴል ላይ ነኝ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ላፕቶፕ ፎርማት የማደርገው እኔ ነኝ። ሊኑክስ የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሲስተም ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ምን ይላል? ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ያለበት ሰርቨር (ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ኮምፒውተር) ይኑርህ። በቃ! አንድ መስመር። እኔ ዘንድ ያቺ መስመር አራት ቀን ነበረች። ኡቡንቱ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ነው የማወርደው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፣ ሲመለስ ማውረዱ ከዜሮ ጀመረ። ከዚያ ፍላሹን ኮምፒውተር ማስነሣት የሚችል ማድረግ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ መግባት። መመሪያውን ለጻፈው ሰው ይሄ ሁሉ ገና «ከመጀመሩ በፊት» ያለ ነገር ነው።

ቀጥሎ ኮማንዶቹን (ትዕዛዞቹን) አንድ በአንድ ኮፒ አድርጌ ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ላይ፣ ለጠፍኩ። ሁሉም ያለ ኤረር አለፉ። ደስ ብሎኝ ብራውዘር ከፈትኩ፤ ገጹ የለም። አንድ ቀን ተኩል ከፈለግኩ በኋላ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፦ የሠራተኞቹ ገጽ በፖርት 8080 ነው የሚከፈተው (ፖርት ማለት እንደ በር ቁጥር ነው)፤ ገጹን ለብራውዘር የሚያቀርበው አፓቼ የሚባለው ፕሮግራም ግን 8080ን እንዲያዳምጥ ሌላ ፋይል ውስጥ ገብተህ በእጅህ አንድ መስመር ካልጨመርክለት አይሰማም። አንድ መስመር!

ጨመርኩ፣ ተከፈተ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ አምጣ አለኝ። የምን ፓስወርድ? እኔ ምንም ፓስወርድ አልፈጠርኩም። ለካ ሲስተሙ ራሱ ፈጥሮ፣ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት የኮንፊገሬሽን (የሲስተሙ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ አስቀምጦታል። ኃላፊዋ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያዩኛል። «ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተው ነው በሩን የዘጉት?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላነበብኩም።

የተናደድኩት ግን በፍለጋው ነው። ሠላሳ መጽሐፍ መዘገብን፤ የእንግሊዝኛውን ስንጽፍ ይመጣል፣ የአማርኛውን ርዕስ ስንጽፍ ምንም የለም። እሳቸው ፊደል ተሳስተው መስሏቸው ደጋግመው ጻፉት፤ «ሐ»ውን በ«ሀ» ቀይረው ሞከሩ። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም። ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላት በደንብ እንዲፈለጉ አይሲዩ የሚባለውን የፊደል ማስተናገጃ መርጦ መጻሕፍቱን እንደገና ኢንዴክስ ማድረግ፣ ማለትም የፍለጋ ማውጫቸውን እንደ አዲስ ማሠራት፣ ያስፈልጋል። ይሄን ኢንስቶል ሳደርግ ለምን አልተጠየቅኩም? የማርክ21 ወይስ የዩኒማርክ ነህ ብሎ የሚጠይቅ ገጽ (ሁለቱም የመጻሕፍት መመዝገቢያ ቅርጾች ናቸው)፣ መጻሕፍትህ በምን ፊደል ናቸው ብሎ መጠየቅ አቅቶት ነው?

ስትጠይቅ ደግሞ «ማንዋሉን አንብብ» ይሉሃል። አንብቤ ነው የመጣሁት ወንድሜ! ወይም ደግሞ «በነፃ ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?» ይባላል። በፈቃደኝነት፣ ሌሊት እንቅልፋቸውን ትተው የሚሠሩትን አከብራለሁ። ግን ለሚያውቅ ብቻ የሚከፈት ነገር ለማያውቀው ላም አለኝ በሰማይ ነው። እዚህ አገር ስንቱ መሥሪያ ቤት ነው ነፃውን መጫን አቅቶት ክራክ የተደረገ (ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫን) ሶፍትዌር ላይ ቫይረስ እየለቀመ የሚኖረው?

አይቻልም እንዳትሉኝ። የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን ያልጫነ ማን አለ? እሱም እንደ ኮሃ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ ዝናው ራሱ በ5 ደቂቃ ይጫናል የሚለው ነው። ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ በነፃ እቤት ድረስ ይልክ ነበር፤ ሲዲውን ከትተህ ኮምፒውተርህን ሳትነካ መሞከር ትችል ነበር። እነዚህ ሰዎች አዲስ ሰውን አስበው ነው የሠሩት።

እናንተን ነፃ ሶፍትዌር የምትሠሩትን እኔ የምለምነው ትንሽ ነው። ስንት ጊጋባይት እንደሚያወርድ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ከላይ ጻፉልን። ከየእርምጃው በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን ማየት እንዳለብን አሳዩን፤ ያላየነው ነገር ካለ እዚያው ቆመን እንድንጠይቅ። ፓስወርዱን መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ አውጡት። ከሁሉም በላይ መመሪያችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሊኑክስ ነክቶ የማያውቅ አንድ ሰው አስቀምጡና፣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ፣ ቃል ሳትተነፍሱ እዩት። የት እንደሚቆም ታያላችሁ።

እኔ ቅዳሜ ይሄንኑ ላደርግ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፍኩበትን በአማርኛ፣ በደብተር ጽፌዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ሌላ አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ ኃላፊዋ ራሳቸው ከባዶ ሊጭኑበት ተስማምተናል። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ፣ ኪቦርዱን ሳልነካ፣ የሚቆሙበትን ቦታ ብቻ እመዘግባለሁ።