ነጠላው ወይስ ስሙ? ስለ ላይትሩምና ዲጂካም የተደረገ ክርክር

ካሜራ ይዞ የሚዞር፣ እንጀራው ግን ፎቶ ያልሆነ ሰው ፎቶዎቹን በምን ያስተካክል? በምንስ ያደራጅ? የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው። እሱ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው፤ በክፍያ የሚገኘውን ላይትሩም ክላሲክን ይጠቀማል። እሷ አዲስ አበባ ናት፤ በነፃ የሚገኙትን ትጠቀማለች፤ ለማደራጀት ዲጂካምን፣ ለማስተካከል ዳርክቴብልን።

እሱ፦

ለጥምቀት ጃንሜዳ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ቀትር ላይ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት አንሱና እዩት። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል። ነጠላው ያምራል፣ ፊታቸው ግን ይጨልማል። ፊታቸው እንዲታይ ብርሃን ስትጨምሩ ደግሞ ጥለቱ ይጠፋል፤ ነጠላው ወረቀት ይመስላል። ባለፈው አገር ቤት ስመጣ በሁለት ቀን 3,000 ገደማ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። ግማሹ እንዲህ ያለ ነበር።

ላይትሩም ፊቱን ብቻ ምረጥልኝ ስለው ይመርጥልኛል። ሰውን ከነፊቱ ለይቶ መምረጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ፊቱን ትንሽ አፈካዋለሁ፣ የነጠላውን ብርሃን አወርዳለሁ፣ ጥለቱ ክር በክር ይመለሳል። በራው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳያበስል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ካነሳችሁ ማለቴ ነው፤ ጄፔግ ላይ ነድዶ የጠፋ ጥለት አይመለስም። ከዚያ ያንኑ ማስተካከያ ለ40 ፎቶ በአንዴ እገለብጣለሁ። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ፊቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

ሥራ ውዬ ማታ የምትተርፈኝ አንድ ሰዓት ናት። መምረጡም፣ ማደራጀቱም፣ ማስተካከሉም አንድ ቦታ ላይ ሲያልቅልኝ ደስ ይለኛል። ነፃዎቹንም ሞክሬያለሁ። ዳርክቴብልን ከፍቼ የቁልፉን ብዛት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ለጀማሪ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

እሷ፦

ወንድሜ፣ ነጠላውን በደንብ ገለጽከው። ላይትሩም ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ዶማ ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ዳርክቴብል ውስጥ ቶን ኢኳላይዘር የሚባል አለ። የማውሱን ቀስት ፊቱ ላይ አሳርፈህ ጎማውን ወደ ላይ ታሽከረክራለህ፣ ፊቱ ይፈካል። ነጠላው ላይ አሳርፈህ ወደ ታች ታሽከረክራለህ፣ ጥለቱ ይወጣል። በቃ። ቁልፉ ብዙ ነው፣ እውነት ነው። እኔ ዘወትር የምነካው አራቱን ብቻ ነው። እነሱን ለመልመድም አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። አምና አክስቴ አረፉ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ልጃቸው ደወለችልኝ። «ለድንኳኑ እማዬ የሳቀችበት ፎቶ ፈልጊልኝ» አለች። ዲጂካምን ከፍቼ ስማቸውን ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ፊት ይለያል፤ እኔም ስሞቹን ዓመታት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሳረጋግጥ ኖሬያለሁ። 61 ፎቶ መጣ። አንዱ ላይ ቡና እየቆሉ፣ ጭሱን በእጃቸው እየመለሱ ይስቃሉ። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ የቆመው እሱ ነው። ያን ሌሊት ኢንተርኔት አልነበረም። ዲጂካም ፊት የሚለየው እዚያው ኮምፒውተሬ ላይ ስለሆነ አላስፈለገኝም።

ስለዚህ እኔ ሶፍትዌር ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የጻፍኩት ስም የት ይቀመጣል? ጎግል ፎቶ ማደራጃውን ፒካሳን እ.ኤ.አ. በ2016 ተወው። አፕልም አፐርቸርን ከዚያ በፊት ተሰናብቶታል። ፎቶዎቹ ቀሩ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ የተሠራው ልፋት ግን ሜዳ ላይ ቀረ። ዲጂካም ገና ሲጫን መረጃውን ፋይሉ ላይ ልጻፈው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጻፍ በሉት። ከዚያ ጄፔግ ከሆነ ስሙ ከፎቶው ጋር ይሄዳል።

ክፍያውንም አንርሳ። ላይትሩምን አንድ ጊዜ ከፍሎ የራስ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ስድስተኛው እትም አበቃ። በወር 10 ዶላር ገደማ የነበረው ፓኬጅም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ለአዲስ ተመዝጋቢ ተዘጋ። አንተ ካርድህ የዶላር ነው። እዚህ ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላ ከ100 አለፈ። በየወሩ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

እሱ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ያቺ የቡና ፎቶ ልቤን ነካችው።

የብሩን ነገር አልከራከርም። ለአዲስ አበባ ጀማሪ መጀመሪያ ላይትሩም ግዛ አልልም። ስለ ካታሎጉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሥራችንን ስለሚያስቀምጥበት መዝገብ ያልሽው ግን ሙሉ አይደለም። ላይትሩምም ፋይሉ ላይ፣ ለራው ደግሞ አጠገቡ በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል። ኮንትሮልና ኤስ መጫን ነው፣ ወይም ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ሁልጊዜ እንዲጽፍ ማዘዝ። ችግሩ ካልታዘዘ አያደርገውም፤ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ክፍያ ቢቋረጥስ? ላይብረሪው ይከፈታል፣ ፎቶህን ታያለህ፣ ታወጣለህ። የሚዘጋው ማስተካከያውና ካርታው ነው።

ለእኛ ፊደል ደግሞ አንድ የምወድለት ነገር አለ። «ሠርግ» ብለሽ መለያ ትሰጪና ሌላ ጊዜ «ሰርግ» ብለሽ ስትፈልጊ ባዶ ይመጣል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ላይትሩም ለአንድ መለያ ተመሳሳይ ቃላት ማስገባት ይፈቅዳል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ሁሉንም አንድ ቦታ አስሬያቸዋለሁ።

እሷ፦

ይህ ጥሩ ነው፤ ቀናሁብህ። እኔ አጻጻፉን አንድ ጊዜ ወስኜ ከዝርዝር ነው የምመርጠው። ግን ኮንትሮል ኤስ ሁሉንም አያድንም። ኮሌክሽን ብለህ የሰበሰብካቸውና ቨርቹዋል ኮፒ ብለህ ያለ ሁለተኛ ፋይል ያባዛሃቸው ካታሎጉ ውስጥ ብቻ ናቸው። ልጆችህ ከሃያ ዓመት በኋላ ሃርድ ዲስኩን ሲከፍቱ አያገኟቸውም።

ሁለታችንም ያልነካነው አንድ ነገር አለ፤ ቀኑ። «ጥምቀት 2016» የሚል ፎልደር የማን ዓመት ነው? በእኛ ከሆነ ጥር 11 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2024 ነው። ካሜራው የሚያውቀው 2024ን ነው። እኔ ጭራሽ የካሜራዬን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያነሳሁት ሁሉ ሌሊት ሆኖ ተመዘገበ። ስልኬ ካነሳው ጋር ስቀላቅለው ታቦቱ ሳይወጣ ሕዝቡ ተመለሰ። ዲጂካም የሁሉንም ሰዓት በአንዴ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት አስኬደልኝ።

እሱ፦

ላይትሩምም ያደርገዋል። ፎልደሩን ግን እኔም እንደዚያው ነው የሰየምኩት። ዛሬ ማታ «2016 ዓ.ም.» ብዬ አስተካክለዋለሁ፤ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ሆኜ፣ አለዚያ ፎቶዎቼን አጣኋቸው ብሎ የጥያቄ ምልክት ይደረድርብኛል። መለያዎቼንም ፋይሉ ላይ እንዲጽፍ አዘዋለሁ። ላይትሩምን አልተውም፤ ገና ያልነካኋቸው 1,400 ነጠላዎች አሉኝ። ዲጂካምን ግን የአባቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ልጭንለት ነው። ፊቶቹን እኔ አላውቃቸውም፤ ስማቸውን የሚያውቀው እሱ ነው።