አካፋ ያጣ ድልድይ

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። የቆምነው ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ አንዲት አጭር ድልድይ አጠገብ ነበር። ሾፌሩ ክሪክ ሲፈልግ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ።

በዚያች ድልድይ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም። ቆሜባት ግን አላውቅም ነበር። በአስፋልቱ ጠርዝ አፈር ተከምሯል። አፈሩ ላይ ሳር በቅሏል። አንድ በግ ድልድዩ ላይ ቆሞ ይግጣል። አልቀለድኩም፣ ይግጣል! የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸውን ቀዳዳዎች በአንድ ጎን ቆጠርኩ፤ ስድስት ናቸው። ስድስቱም በጭቃና በተጨማደደ ሃይላንድ ተደፍነዋል። ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ደግሞ ቤቶኑ ተላልጦ ፌሮው አግጥጧል። ቀይ ዝገት ግድግዳው ላይ እንደ እንባ ወርዷል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን። ድልድይን ግን የሚበላው እሳት አይደለም፣ ውሃ ነው። ያውም ከሥሩ የሚያልፈው ወንዝ ብቻ አይደለም፣ ከላዩ የሚተኛውም ዝናብ ነው። መውረጃ ያጣ ውሃ በስንጥቁ ይሰርጋል። ፌሮው ጋ ሲደርስ ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤቶኑን ከውስጥ እየገፋ ይፈነቅለዋል። ከተፈነቀለ በኋላ ውሃው በሰፊው በር ይገባል። ጅምሩ እንግዲህ አንድ የተደፈነ ቀዳዳ ነው።

ይሄ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ፈርን ሆሎው የሚባል ድልድይ በማለዳ ተደረመሰ። አንድ የከተማ አውቶቡስና ጥቂት መኪኖች አብረው ወረዱ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። ፕሬዚዳንት ባይደን በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ ስለ መንገድና ድልድይ ሊናገሩ ቀጠሮ ነበራቸው። ግጥምጥሞሹን ተዉትና ምርመራው ያገኘውን ስሙ። መውረጃዎቹ በቆሻሻ ተደፍነው ነበር። ውሃና አፈር የድልድዩ የብረት እግሮች ላይ ተጠራቀመ፤ እግሮቹን ዝገት በላቸው። ተቆጣጣሪዎች ለዓመታት ይጸዳ፣ ይጠገን እያሉ ጽፈዋል። የሰማቸው አልነበረም።

እነሱ ጋ ቢያንስ ይጻፋል። መጻፉንም የተማሩት በሰው ሕይወት ነው። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ አንዲት የብረት ማያያዣው ተሰንጥቃ ወደቀ። 46 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ደንብ ወጣ። የአውራ ጎዳና ድልድይ በአብዛኛው በሁለት ዓመት አንዴ ይፈተሻል። ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጠዋል። 4 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ደካማ ይባላል። ነገ ይወድቃል ማለት አይደለም። ግን ማንም ዜጋ ኮምፒዩተር ከፍቶ የሰፈሩን ድልድይ ነጥብ ያያል። የፒትስበርጉም ደካማ ተብሎ የተመዘገበ ነበር። ነጥብ ብቻውን አካፋ አያነሳም።

እኛ ጋ መዝገብ የለም አልልም። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድልድዮችን መረጃ የሚይዝበት ሥርዓት አለው። ድልድይዋ ሥር በግ የሚጠብቀው ልጅ ግን ከዚህ ሥርዓት ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔንም እንደዚሁ።

የእኛ ውሃ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ጣርማ በር ላይ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጉምና ብርድ ነው። ዋሻውን አልፋችሁ በጠመዝማዛው ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ላብ ያጠምቃችኋል። ውሃውም በዚሁ ቁልቁለት ነው የሚወርደው። በነሐሴ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ቆላ ሲደርስ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። ታች ፀሐይ ሆኖ እንኳ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። መሬቱ ራሱም የሚሄድበት አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ በደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን የተንሸራተተው ተራራ ስንቱን ቤተሰብ እንዳፈናቀለ የአካባቢው ሰው አይረሳውም።

ብዙ ሰው ድልድይ የሚሰበረው በጭነት ይመስለዋል። ሲኖትራክ ሲያልፍ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እውነትም ያስፈራል። ብዙ ድልድይ የሚሄደው ግን ከእግሩ ነው። ጎርፉ የምሰሶውን ሥር ይቦረቡራል። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፦ ጎርፉ ሲጎድል የቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ በደለል ይሞላዋል። በጥቅምት ሄዳችሁ ብታዩት ደህና ይመስላል። ደለሉ ግን ልል ነው፣ ምሰሶ አይሸከምም። ከድልድዩ በታች አሸዋ ሲወጣ ደግሞ የወንዙ ወለል ይወርድና ጎርፉን ያግዘዋል። የአሸዋው ገቢ የስንት ሰው እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ይውጣ ነው የምለው።

የድሮ ሥራ አይወድቅም የሚሉ አሉ። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ይጠቅሳሉ። ጎብኚዎች የፖርቱጋል ድልድይ ይሉታል፤ ያሠሩት ግን የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ኖራው በሰጎን እንቁላል ተለውሷል ይባላል። የእንቁላሉን ነገር እንጃ። ፌሮ ግን የለውም፣ ስለዚህ የሚዝግ ነገር የለውም። በላዩም የሚያልፈው ሰውና ከብት እንጂ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ አይደለም። በአርማታ የተሠራውን ከእሱ ጋር ማወዳደር አይሆንም። አርማታ ጠባቂ ይፈልጋል።

ታዲያ ጠባቂው ማን ነው? ከጉዞው መልስ አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

«እሱ የፌዴራል መንገድ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ልጁ በትሕትና።

ሌላ ቦታ ደወልኩ። ደብዳቤ አምጡ ተባልኩ። የቱ ድልድይ እንደሆነ በደብዳቤ እንዴት ልግለጽ? ቁጥር የላት፣ ስም የላት። በግ የሚግጥባት ብዬ ልጻፍ? የፌዴራል ትሁን፣ ግድ የለም። በጉ ግን የቀበሌው ነው።

ገንዘብ የለም የሚለውን ለትልቁ ጥገና እቀበላለሁ። ለቀዳዳ ማጽዳት ግን አልቀበልም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ለዚሁ ለጥገና ነው፤ ነዳጅ በቀዳን ቁጥር ስንከፍል ኖረናል። ችግሩ ጽዳት ሪባን የለውም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ እኔም በቴሌቪዥን አይቼ ደስ ብሎኛል። ስድስት ቀዳዳ ሲከፈት ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

የጣርማ በርን ዋሻ የፈለፈሉት ጣሊያኖች በአገራቸው አንድ ደግ ልማድ ነበራቸው። ለየጥቂት ኪሎ ሜትሩ አንድ መንገድ ጠባቂ ይመድባሉ፤ ቤቱ እዚያው መንገድ ዳር ነው። ቦይ ይጠርጋል፣ ጉድጓድ ይደፍናል፣ የተበላሸውን ለአለቆቹ ያሳውቃል። እኔ ቤት ይሠራለት አላልኩም። በየድልድዩ አጠገብ የሚኖር አንድ ሰው ይመረጥ። የወር አበል፣ አካፋና ካሜራ ያለው ስልክ ይሰጠው። ክረምት ሊገባ ሲል ቀዳዳውን ይክፈት፣ የምሰሶውን እግር ፎቶ ያንሳ። መስከረም ላይ ይድገመው። ከጎርፍ በኋላ አዲስ ስንጥቅ ካየ ይደውል። የድልድዩ ቁጥር፣ መጨረሻ የታየበት ቀንና የሚደወልበት ስልክ ጠርዙ ላይ በቀለም ይጻፍ።

መሐንዲስ አይደለም ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አይደለም። ደለሉ ሥር ያለውን ጉድጓድ አያይም፣ ፍተሻውም የመሐንዲሱ ነው። ግን በዚህ ጊዜ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በፈለገው ቀን ሰሜን ሸዋ አይደርስም። መንገዱ ክፍት የሚሆንበት ቀን አለ፣ የማይሆንበት ቀን አለ። የአገሩ ሰው ግን መንገድ ቢዘጋም እዚያው ነው።

ያን ቀን ሾፌሩ ጎማውን እስኪቀይር በግ ጠባቂው ልጅ መጣና አጠገቤ ቆመ። «ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ። ቀዳዳውን አሳየሁት። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ ወጋ ወጋ አደረገው። ሃይላንዱ ተስፈንጥሮ ወደ ወንዙ ወረደ። ሁለተኛውን አብረን ከፈትን። ሦስተኛው ጠንክሮ እምቢ አለን። አራተኛው ላይ ሳለን ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

በነሐሴ መጨረሻ በዚያው ሳልፍ ዝናብ ይጥል ነበር። መስኮቱን ጠርጌ አየሁ። በሁለቱ ቀዳዳ ውሃ ይንፎለፎላል። በቀሩት አራቱ በኩል ኩሬ ተኝቷል። መኪናችን በፍጥነት ሲያልፍበት ጥግ ይዘው የሚሄዱትን እናት ከእግር እስከ ራስ አለበሳቸው።