ሊጥ መብራት አይጠብቅም

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለጎጃም የቤት እመቤት ያራገፈላት ሸክም ግልጽ ነው፤ ጭራሮ ለቀማው፣ የኩበቱ ጭስ፣ እንባው። የማይወራለት ነገር የመጋገሪያው ሰዓት ከእጇ መውጣቱ ነው። ድሮ ሊጡ ሲደርስ ምድጃ ትለኩሳለች፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ሊጡ ደርሶ መብራት ትጠብቃለች።

ነገሩ የሚበላሸው አብሲቱ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ላዩ ላይ ያቀረረውን ውኃ እየደፉ በንጹሕ እየቀየሩ ቢያሳድሩት ይችላል። አብሲት ከተጣለበት በኋላ ግን ኩፍ ሲል ካልተጋገረ መልሶ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን አብሲቱን አለመቸኮል ነው።

መብራቱ ኖሮም ሊደክም ይችላል። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ቮልቴጁ 180 ላይ ሲወርድ ሙቀቱ በሲሶ ይቀንሳል። እንጀራው ሳይበስል ይደርቃል፣ ከምጣዱም ይጣበቃል፤ ወቀሳው ግን ለጋጋሪዋ ነው። አማት ያለችበት ቤት ከሆነማ አይጣል!

ቤት ውስጥ ያለው ጣጣም ቀላል አይደለም። ምጣዱን በቀጭን ማራዘሚያ ከቴሌቪዥኑ ጋር መሰካት ሶኬት ያቀልጣል። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የምድር ሽቦ ያስፈልገዋል። ሸክላው ሲሰነጠቅ እርጥበት ከሥሩ እስካለው ማሞቂያ ሽቦ ድረስ ይዘልቃል፤ «ነዘረኝ» ላለች ሴት ጫማ አድርጊ ማለት መፍትሔ አይደለም። ይህ ማሞቂያ ሽቦ ሲበጠስ ጠምዝዞ መቀጠል ተለምዷል። የተቀጠለው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግልና እዚያው ይበጠሳል፤ እየተቆረጠ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሙሉውን መቀየር ይረክሳል።

የጣናን ውኃ ጠልፎ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ነው። ኃይል ማመንጨት ብቻውን ግን እንጀራ አይጋግርም፤ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጠዋት ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩና ወደ ቤት የሚወርደው ቀጭን መስመር አይችሉትም። እነሱን መለወጥ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል እንበል። በታቀደ ጥገና መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት በዋዜማው መናገር ግን ምንም አይፈልግም። ማታ የሰማች እመቤት አብሲቱን ሳትጥል ታድራለች።