መጽሐፉ በየቋንቋው ይቆጠር
«የመማሪያ መጽሐፍ ለተማሪው ቁጥር በቂ ነው» የሚለው አባባል ሐረር ላይ ብዙም አያስኬድም። እዚህ አንደኛ ደረጃ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ስለሚሰጥ የ3ኛ ክፍል ሒሳብ አንድ ሳይሆን ሦስት መጽሐፍ ነው። የአንዱ ቋንቋ ተርፎ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲለብስ፣ የሌላው ለሦስት ልጅ አንድ ቢሆንም ድምሩ 1 ለ 1፣ ማለትም ለአንድ ተማሪ አንድ መጽሐፍ፣ ሊል ይችላል። ያኔ መምህሩ መልመጃውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 15ቱ በግልበጣ ያልቃል። «መምህሩ ደብተር አያርምም» ለሚሉም፦ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአንድ ደብተር 1 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ እንኳ 1 ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ክልሉ ከልቡ ከሆነ ቆጠራውን በቋንቋ፣ በክፍልና በትምህርት ዓይነት ለይቶ ይሥራ፤ ምዝገባ እንደተዘጋም ከአንዱ ትምህርት ቤት የተረፈውን ለጎደለው ያዛውር።