ማስተካከያ፦ ጥቅሱ የሾፍቲም ነው
አይሁድ በምኩራብ ስለሚያደርጉት የኦሪት ሳምንታዊ ንባብ ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ፣ «ጽድቅን፣ ጽድቅን ተከተል» የሚለውን ትእዛዝ «ሚሽፓቲም» ማለትም «ፍርዶች» በተባለው ክፍል ውስጥ እንደሚገኝ አድርገን ጽፈን ነበር። ተሳስተናል። ቃሉ ያለው በዘዳግም 16፥20 ነው፤ ክፍሉም ነሐሴ አካባቢ የሚነበበው «ሾፍቲም» ማለትም «ዳኞች» ነው። ሚሽፓቲም በዘፀአት ከምዕራፍ 21 እስከ 24 ያለው ሲሆን፣ የሚነበበው በጥር ወይም በየካቲት ነው።

ስሞቹ ከአንድ የዕብራይስጥ ሥር የወጡ መሆናቸው አሳስቶናል፤ ይህ ግን ማመካኛ አይሆነንም። በጽሑፉ ስለ ጉቦ ያልነው አይለወጥም፤ ሁለቱም ክፍሎች ጉቦ መቀበልን ይከለክላሉ። እንዲያውም ሚሽፓቲም አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ ዳኛው ተሟጋቹ ድሃ ነው ብሎ እንዳያዳላለት ያዝዛል (ዘፀአት 23፥3)። ይህን ሳንጠቅሰው ማለፋችንም ቆጭቶናል።